የካማሺን ፍሪጅ ልጠግን የሄድኩባቸው ዘጠኝ ቀናት

ካማሺ የት ነው ብዬ ጎረቤቶቼን ብጠይቅ ግማሾቹ ሱዳን ውስጥ ነው ይሉኛል፤ የቀሩት የመድኃኒት ስም ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም። ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ባይሆን ኖሮ እኔም አላውቀውም ነበር። ይህን የምጽፈው አገር ላስጎበኝ ብዬ አይደለም። ከተመለስኩ ቆየሁ፤ የጉዞውን ነገር ለባለቤቴም ለባልደረቦቼም የነገርኳቸው በቁንጽል ነው። የቀረው ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድም ብሎኛል።

የምጠግነው የላምባ ፍሪጅ ነው። መብራት በሌለበት ክሊኒክ ክትባት የሚቀመጠው በእሱ ነው። እሳት አንድዶ ቅዝቃዜ መጠበቅ ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ነገሩ ግን ቀላል ነው፤ ከፍሪጁ ጀርባ ባለው የታሸገ ቧንቧ ውስጥ አሞኒያ የሚባል መርዘኛ ነገር ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል። ከሥር የላምባው እሳት ሲያሞቀው አሞኒያው ተንኖ ይወጣል፤ ዞሮ ሲመለስ የፍሪጁን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሞተር የለውም፤ ድምፅም የለውም። በደንብ ከያዙት ሃያ ዓመት ያገለግላል።

ከአሶሳ የደረሰን መልእክት አጭር ነበር። ካማሺ ዞን ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ ፍሪጁ በረዶ መሥራት አቁሟል፤ በአካባቢው ኩፍኝ ገብቷል፤ በሚመጣው ቅዳሜ ክትባት የጫነ መኪና ወደዚያ ይሄዳል። ፍሪጁ እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ ክትባቱ ማደሪያ የለውም። ያኔ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር፤ ብዙ ሰው ክልል ስድስት እያለ ነው የሚጠራው። ክሊኒኩን አውቀዋለሁ፤ አምና ያንን ፍሪጅ ወስጄ የተከልኩት ራሴ ነኝ።

እሑድ በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። ሹፌሩ መኮንን ከምሳ በፊት መናገር የማይወድ ሰው ነው፤ እኔም ስለማልወድ እስከ አምቦ ተስማምተን ሄድን። ማታ ነቀምቴ ያደርንበት አልጋ ቤት አንሶላው ታጥቦ ነበር፤ ትኋኑ ግን አብሮ አልታጠበም። ባለቤቴ ስለ ፍራሻችን የምታሰማኝን አቤቱታ ሁሉ በዚያች ሌሊት ይቅር አልኩላት።

ሰኞ ነጆ ስንደርስ መኮንን መኪናውን ዳር አስይዞ ወደ ሰሜን የሚገባውን መንገድ በአገጩ አሳየኝ። "ካማሺ በዚህ ነው" አለ። አውቃለሁ አልኩት። እኛ ግን በዚያ አልገባንም። ወደ ክሊኒኩ ለመግባት አሶሳ ሄደን ደብዳቤ ማስመታት ነበረብን። ድሮ ካማሺ ወለጋ ሥር ስለነበረ ወረቀቱ ነቀምቴ ያልቅ ነበር፤ አሁን አለቃው አሶሳ ሆነ፤ መንገዱ ግን አለቃ እንደተቀየረ አልሰማም። ከክልሉ ዋና ከተማ ወደ ክልሉ ዞን የሚሄድ ሰው ዛሬም የጎረቤት ክልል አቋርጦ ነው። ስለዚህ የተበላሸው ፍሪጅ በቀኛችን እየቀረ እኛ ቀኑን ሙሉ ወደ ምዕራብ ነዳን። መንዲን አልፈን ባምባሲ ስንገባ ማንጎውና ቀርከሃው ጀመረ። እኛ ሰፈር አጥር ማለት ቆርቆሮ ነው፤ እዚያ ቤቱም አጥሩም አልጋውም ቀርከሃ ነው፤ ንፋስ ሲመጣ መንደሩ ሁሉ ሲጥ ሲጥ ይላል።

ማክሰኞን አሶሳ አቃጠልናት። ቢሮዎቹ አዳዲስ ታፔላ ተሰቅሎላቸዋል፤ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ጠረጴዛ ለሦስት ነው። የሄድንበትን ቢሮ ስም አልጠራም። ማህተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ገብቷል፤ ስብሰባው ስለ ንብረት ክፍፍል ነው። የድሮው አስተዳደር ዕቃ ለየትኛው ዞን ስንት ይድረስ የሚለው ከተጀመረ ወራት እንዳለፉት ሰማሁ። ደጃፍ ላይ ስንጎለት ያየን የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አቶ ኢድሪስ የሚባሉ ሽበት የጀመራቸው የበርታ ሰው፣ መጥተው እጄን ያዙኝ።

"ያ ኡስታዝ፣ ዛሬ ማህተም አይመጣም" አሉኝ። "ወላሂ አይመጣም። እኛ ቤት እንሂድ፣ ምሳ ብላ።"

የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበልን። እናቴ የምታገነፋው መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፤ ይሄኛው በወጥ ተከቦ ነው የሚመጣው፤ ባሚያው ደግሞ ከጣት ወደ ክንድ መውረድ ይወዳል። ሸሚዜን ሳበላሽ አቶ ኢድሪስ ሳይስቁ ውሃ አስመጡልኝ። ስኳር የበዛበት ሻይ ሦስት ጊዜ አስጠጡኝ፤ ከጓሮአቸው ማንጎ አስለቅመው አንድ ጆንያ መኪናችን ላይ ጫኑ። ከሰዓት መጋዘኑን አሳዩኝ። መደርደሪያው ላይ ያልተከፈተ ካርቶን አየሁ፤ የፍሪጅ ቴርሞሜትር ነው። ለምን አይከፋፈልም አልኳቸው። እሳቸውም ዕቃው አለ፣ መስጠት ግን የለም፣ ርክክቡ አላለቀም አሉኝ። አቶ ኢድሪስን መቆጣት አልቻልኩም፤ ገንፎአቸውን ገና መብላቴ ነበር።

ደብዳቤው ረቡዕ ጠዋት ተመታልን። ወደ ነጆ ተመልሰን፣ ከሁለት ቀን በፊት በአገጭ የተጠቆመውን መንገድ ያዝን። ዝናብ መታው። ወደ አመሻሽ ላይ ከአንድ ቁልቁለት በታች መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ገባ። መኮንን ወርዶ አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገረ፤ እዚህ ልጽፈው አልችልም። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ገበሬ ከእርሻቸው ሲመለሱ አግኝተውን ቤታቸው ወሰዱን። ፕሮቴስታንት ናቸው፤ ከራት በፊት ቆመው በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት አደረጉ። ቋንቋውን ባልሰማም መሐል ላይ "ፍሪጂ" የምትል ቃል ደጋግማ አልፋለች። በሕይወቴ ለፍሪጅ ሲጸለይ ያየሁት ያን ቀን ነው። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እሳቸውና ባለቤታቸው መደብ ላይ ተኙ። እኔ ከገጠር የመጣ ዘመድ ቤቴ ሲያድር ሶፋ ነው የማስተኛው። ጠዋት ጎረቤት ጠርተው፣ ሁለት ጥማድ በሬ አምጥተው መኪናውን አወጡልን፤ ከማንጎው በስተቀር የሰጠናቸውን ሁሉ አንቀበልም አሉ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ክሊኒኩ ደረስን። ከካማሺ ከተማ ወጣ ብሎ ቆላው ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ ፊትን እንደ ምድጃ በር ይገርፋል። ጤና ረዳቷ አያንቱ ጊምቢ አካባቢ የተወለደች፣ ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት። ሕዝቡ ሲስተር ይላታል። ጉሙዝኛ ለምዳለች። እዚያ ስትመደብ ልጇን ለመርፌ የምትሰጥ እናት አልነበረችም፤ ከመንደር መንደር በእግሯ እየዞረች፣ እያደረች፣ አብራ እየበላች ነው እናቶቹን ያመጣቻቸው። አምና እንደማውቃት ሳትሆን ከስታ አገኘኋት። ኩፍኙ ከጀመረ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

"ጋሼ፣ እሳቱን አንድ ቀን አላጠፋሁትም" አለችኝ፤ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

እውነቷን ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነበልባሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ክሩ እኩል ተከርክሟል። የጭስ ማውጫውን ከፈትኩ፤ ጥቀርሻ የለበትም፤ በየሳምንቱ ትጠርገዋለች። በዚህ ሥራ ስዞር እንዲህ ተይዞ ያየሁት ፍሪጅ የለም። ያስተማርኳትን ሁሉ አድርጋለች። ደስ ብሎኝ በሩን ከፍቼ እጄን አስገባሁ፤ ደስታዬ እዚያው ቀረ። ይዤ የመጣሁትን ቴርሞሜትር አስገብቼ ጠበቅኩ። ውጪው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ውስጡ ሃያ አንድ። ክትባት ከስምንት በላይ አይችልም።

አያንቱ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየችው። "እጄን ሳስገባ ይቀዘቅዘኝ ነበር እኮ" አለች። በዚያ ሙቀት ያልጋለ ነገር ሁሉ ለእጅ ቀዝቃዛ ነው። የፍሪጁ ቴርሞሜትር ተክዬው በሄድኩ በወሩ ተሰብሮባታል። ይላክልኝ ብላ የጻፈቻቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ግልባጭ አወጣችልኝ። አንዱ ወደ ነቀምቴ ሄዶ አይመለከተንም ተብሏል፤ ሁለቱ አሶሳ ደርሰው መልስ የላቸውም። የአቶ ኢድሪስ ካርቶን ትዝ አለኝ።

ውሃ ልኬን አውጥቼ ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጥኩ። አረፋዋ ሮጣ ጥግ ገባች። ወለሉ ሲሠራ ግንበኛው ሲታጠብ ውሃው እንዲወርድ ብሎ ወደ በሩ አዘንብሎታል፤ ፍሪጁም ከወለሉ ጋር ዘምሟል። በእግሮቹ ሥር የነበሩት እንጨቶች የት ሄዱ አልኳት።

ዞኑ ሲመሠረት እንግዶች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ክሊኒኩን ኖራ ቀባች፤ ወለሉን አጠበች፤ ፍሪጁን ወለወለች። ከእግሮቹ ሥር ጭቃ የበላቸው ሁለት ቁራጭ እንጨቶች አየች። ለእንግዳ ዓይን ነውር መሰላት፤ አውጥታ ለማንደጃ ጣለቻቸው። እንግዶቹ መጥተው አጨብጭበው ሄዱ። ማንም የፍሪጁን በር እንኳ አልከፈተም።

እንጨቶቹ ሽብልቆች ነበሩ። አምና ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ያን ቀን አያንቱ ምጥ የያዛት ሴት ጋ ተጠርታ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ፍሪጁ ቆሞ፣ ልኩን ጠብቆ አገኘችው። ክሩን እንዴት እንደምትከረክም፣ ጥቀርሻውን እንዴት እንደምትጠርግ፣ እሳቱ ቢጫ ሲሆን ምን እንደምታደርግ አሳየኋት። ውጪ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ ዝናብ ከመጣ ወንዙ ይዘጋናል ይላል። ስለ እንጨቶቹ አልነገርኳትም።

ያ የአሞኒያና የውሃ ፈሳሽ በቧንቧው ውስጥ የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። ፍሪጁ ከዘመመ ፈሳሹ መንገድ ላይ ይቀራል፤ እሳቱ ደረቁን ቧንቧ ይጠብሳል፤ ቧንቧውን ከዝገት የሚጠብቀው መድኃኒት አርሮ እንደ ድስት ቂጥ ይጋገርና መተላለፊያውን ይደፍናል። ሰነፍ ጤና ረዳት ቢሆን ኖሮ በየሁለት ቀኑ እሳቱን ያጠፋው ነበር፤ ፍሪጁም ምናልባት ይተርፍ ነበር። አያንቱ አንድ ቀን አላጠፋችውም።

አንድ ተስፋ ቀረን። እንዲህ የተደፈነ ፍሪጅ አንዳንዴ ተገልብጦ ሲያድር ፈሳሹ ዞሮ ይከፍተዋል። እሳቱን አጥፍተን ላምባውን ቀድተን አወጣን። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ፤ አሞኒያ ካፈተለከ ዓይንና ሳንባ ያቃጥላል። የቧንቧውን ብየዳ አንድ በአንድ በባትሪ አየሁ፤ ቢጫ ዱቄት ካለ ፈስሷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ እሳት ማስጠጋት የለም፤ ፍሪጁን ከቤት አውጥቶ መራቅ ነው። ቢጫ የለም፤ ሽታም የለም። መኮንን ቧንቧውን በመዶሻ ትንሽ ቢነኩትስ ቢለኝ ተቆጣሁት፤ ይህ ዕቃ አይመታም፣ አይበየድም፣ አይከፈትም። ሲበርድ አያንቱ የገዛ አልጋዋን ፍራሽ አምጥታ አነጠፈችና በእሱ ላይ ገለበጥነው። ከውስጡ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ሰማን። ሦስታችንም ተያየን። ያን ሌሊት እሷ ሰሌን ላይ አደረች።

ዓርብ ጠዋት አቆምነው። አዲስ ሽብልቅ ጠረብኩ፤ አረፋዋ መሐል እስክትቆም አስተካከልኩና ፈሳሹ ረግቶ ቦታውን እስኪይዝ ተውነው። ቀትር ላይ ለኮስነው። ይህ ፍሪጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይናገርም፤ ማደር አለበት። ስንጠብቅ አያንቱ ሽብልቆቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

"ለካ ግንበኛው አውቆ ነው ያስገባቸው" አለች። "ወለሉ መዝመሙን ያውቅ ነበር። እኔ ነኝ ደንቆሮዋ።"

አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የተናገርኩት ግን አዲሱ ቴርሞሜትር የት ቢሰቀል እንደሚሻል ነበር።

ፍሪጁ ከመቼ ጀምሮ ማቀዝቀዝ እንዳቆመ ጠየቀችኝ። እንጨቱ ከወጣ በኋላ ቢበዛ ሁለት ወር ቢሠራ ነው አልኳት። መዝገቡን አውርዳ ከዚያ ወዲህ የወጋቻቸውን ልጆች ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ገጽ ገለበጠች፣ ደግሞ ገለበጠች። ሁሉንም በአካል ታውቃቸዋለች፤ አንዳንዱን ስም ስታነብ ትቆምና የልጁን ቤት በዓይኗ ትፈልጋለች። ጨርሳ መዝገቡን ዘጋችና "ውሃ ነው የወጋኋቸው" አለች። ወዲያው ተነስታ ሰው ወደ መንደሮቹ ላከች፤ ልጅ ያላት ሁሉ ነገ ትምጣ ብላ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ፍሪጁን ከፈትኩት። ሃያ አራት። ከጀርባው የታችኛው ቧንቧ እጅ ያቃጥላል፤ ላይኛው ከክፍሉ አየር አይለይም። ሙቀቱ የሚያልፍበት መንገድ የለም፤ ሞቷል። እሳቱን በእጄ አጠፋሁት። የክትባቱ መኪና ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ እስከ ማታ ይዘልቃል፣ ከዚያ በኋላ እኔ አላውቅም አለ ሹፌሩ። እስከ ማታ የመጣ ይወጋል፤ ያልመጣ ይቀራል።

እናቶቹ ከየጫካው መንገድ ወጡ። ዕቃቸውን በእንጨት ከወዲህና ከወዲያ አንጠልጥለው በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ ልጅ በጀርባ። ብዙዎቹ ልጃቸው ቀድሞ የተወጋ ነው፤ ለምን እንደገና ብለው ጠየቁ። አያንቱ ቆማ በጉሙዝኛ ነገረቻቸው። መኮንን ምን አለች አለኝ፤ እኔም እንደገመትኩት ነገርኩት። ሲያልቅ አንዲት እናት ባዶ እጇን ወደ ፊት መጣች። ጀርባዋ ላይ ልጅ የለም። እኔም እንድሰማ ይመስለኛል በአማርኛ ተናገረች።

"አንቺ ና አለ፤ እኔ መጣ። ልጅ ተወጋ፣ አለቀሰ። ኩፍኝ ሲመጣ ሌላው ሰው ሁሉ ልጅ ደበቀ። እኔ አልደበቀም። ተወግቷል ብሎ አልፈራም። እህቴ ልጅ ታሞ ነበር፣ እኔ ልጄን ይዞ ሄደ፣ ልጠይቅ። ቀበርነው።"

አያንቱ አላለቀሰችም። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለች በአማርኛ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞራ በቋንቋቸው ደገመችው፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። ሁሉም እሷን አዩ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ከፍሪጁ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብሄድና አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃ ነበር። ሽማግሌ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ባለሙያ ነኝ ብዬ ይሁን፣ ፈርቼ ይሁን፣ ዛሬም አላውቀውም። ፈርቼ ነው። ጥቂት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ሳያስወጉ ተመለሱ። የቀሩትን እስኪመሽ ወጋች። ያቺ እናት እስከ መጨረሻው ዛፍ ሥር ተቀምጣ የሌሎችን ልጆች ስታይ ነበር።

እሑድ ስንነሳ አያንቱ ለመንገድ የተቀቀለ እንቁላልና በቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ። በዚያ መንገድ ያን ያህል ስለለፋሁላት አመሰገነችኝ። ነቀምቴ አደርን፤ ሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ማንጎውን አይታ ደስ አላት። 

ሪፖርቱን በማግስቱ ጻፍኩ። ፎርሙ ላይ "የብልሽቱ ምክንያት" የሚል አንድ መስመር አለ። "ማቀዝቀዣው ከእግሩ ሥር የነበሩት ሽብልቆች በክሊኒኩ በኩል በመነሳታቸው ዘምሞ ስለሠራ" ብዬ ሞላሁት። ውሸት የለበትም። ሽብልቆቹን ማን እንዳስገባ፣ ለምን እንደሆኑ ለማን እንደነገረ ፎርሙ አይጠይቅም።

ከሦስት ወር በኋላ ከአሶሳ ደብዳቤ ደረሰን፤ ለእኛ የመጣው ግልባጩ ነው። ማህተሙ በዚህ ጊዜ ቶሎ ተገኝቷል። ጤና ረዳት አያንቱ በአዲስ አበባው ባለሙያ ሪፖርት መሠረት በቸልተኝነት የመንግሥት ንብረት በማበላሸቷና የሰው ሕይወት ለአደጋ በማጋለጧ ከሥራዋ ታግዳለች ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ጥጉ ላይ "አይቼዋለሁ፤ ከፋይሉ ጋር ይያያዝ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት።